ቅዳሜ የማይመቸው አለ?

የነጋዴዎቹ ጉባኤ ቀኑ የተለወጠው በእኔ አፍ ነው። እንዲህ ስል ትልቅ ሰው እንዳልመስላችሁ። ስሜ ዳኛው ነው፤ በጣልያን ንግድ ቢሮ አስተርጓሚ ነበርሁ፤ የአንዱን ቃል ተቀብዬ ለሌላው የማቀብል፣ በወር የሚከፈለኝ አፍ። ጊዜው ሺ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዕለቱም ማክሰኞ ነበር።

ጉባኤው የታሰበው ስለ ጭነት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል አድርጎ መተማ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ሰምና ቆዳ ያደርሳል፤ ሲመለስ አቡጀዴ ጭኖ ይመጣል። በዚያ ዓመት ግን ሣጥኖቹ ጎንደር ሲከፈቱ በአቡጀዴው ፈንታ ድንጋይ ይገኝባቸው ጀመር። ምስማሩ እንደተመታ፣ ገመዱም እንደታሰረ ነው፤ ጨርቁ ግን የለም። ነጋዴው ጫኙን ይጠረጥራል፣ ጫኙ ሽፍታውን ያማል፣ ሁለት ጫኞች ያለ ማስረጃ ታስረዋል። የቢሮው ሹም በዚህ ተሰላችቶ ነጋዴውን ሁሉ ለዓርብ ሊሰበስብ ቆረጠና ስለ ዝግጅቱ ለመምከር ማክሰኞ ዕለት ትልልቆቹን ጠራ።

መጀመሪያ የተነሡት የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ሐጂ ዐብደላ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ነጋዴ ናቸው።

«ዓርብ ጁምዓ ነው» አሉ። «ከነጋዴው ግማሹ መስጊድ ይሆናል። ቀኑ ይለወጥልን።»

ተረጎምሁ። ሹሙ ወዲያው እሺ አለ። እሑድ የእኛም የጣልያኖቹም ሰንበት ነው፤ ቅዳሜ ግን ገበያ ነው፣ የአይከሉም የደባርቁም ሰው ከተማ ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ይሁን አለና ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጥያቄ ጨመረ። እኔም በገዛ አፌ ለተሰበሰበው ሰው አቀበልሁት።

«ቅዳሜ የማይመቸው አለ?»

ነበረ። ከእኔ በቀር በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ሰው በቅርብ የሚያውቀው አልነበረም።

ሰውየው አያ ይባረክ ይባላሉ፤ ከከተማው አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር አንጥረኛ ናቸው። ቤተ እስራኤል ስለሆኑ ቅዳሜ እሳት አያነዱም፣ ዕቃ አይሸከሙም፣ ከመንደር አይወጡም። ዓመት ሙሉ ለፍተው አንድ ጓጉንቸር ሠርተዋል። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም፤ እሱ መተማ ይቀመጣል። ሌላው ይከፍተዋል፤ እሱ ደግሞ ጎንደር ይቀራል። በመካከሉ ያለ ሰው፣ ጫኝም ይሁን ሽፍታ፣ ሣጥኑን ካልሰበረ በቀር ሊከፍተው አይችልም። ዓርብ ዕለት ይዘውት መጥተው ለጉባኤው እንዲያሳዩ ቦታ ላስይዝላቸው ቃል ገብቻለሁ። ቃሉን የገባሁት ለእሳቸው አይደለም፤ ለልጃቸው ለባፈና ነው።

ባለፈው ክረምት የቢሮውን ሣጥን ማጠፊያ ላሠራ ሄጄ ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲያ የቢሮው ዕቃ ሁሉ ይሰበር ጀመር። የእነሱ ወግ ከሌላ ወገን ጋር መነካካትን አይፈቅድም፤ የእኛ ሰው ደግሞ አንጥረኛን ይፈራል፣ ቡዳ ነው ይላል። እናም በሰባት ወር ውስጥ ጣቷን ነክቼ አላውቅም። ከወንዙ ዳር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደብዳቤዬን አኖርና ወደ ኋላዬ እሸሻለሁ፤ እሷ መጥታ ታነሣለች። ማንበብ ከአጎቷ ከቄሱ ተምራለች። አንድ ቀን «አባትሽን ላናግር» ብላት እንዲህ አለችኝ፦

«መጀመሪያ የአባቴን ስም በሰው ፊት ጥራ። ነጋዴውም ሹሙም እየሰማ ‹ይባረክን አውቀዋለሁ፣ ሰው ነው› በል። ያን ጊዜ እኔም ያንተን ስም በአባቴ ፊት እጠራለሁ።»

ያ ቀን እንግዲህ ይኸው ማክሰኞ ነበር። አፌን ስከፍት ሐጂ ዐብደላ ቀደሙኝ።

«የወለቃው አንጥረኛ ደኅና ጓጉንቸር ሠርቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ለእነሱ ቅዳሜ ሰንበት ነው መሰለኝ።»

ቆዳ ነጋዴው ሐብተ ማርያም ሳቀ። ሐብተ ማርያም ቁስቋም ውስጥ የእናቴ የአጥር ጎረቤት ነው፤ ጠዋት የሰማውን ማታ እናቴ ትሰማዋለች።

«ደግሞ ለፈላሻ ብለን ቀን ልንለውጥ ነው?» አለ። «ዳኛው፣ አንተ በዚያ በኩል መመላለስ አብዝተሃል ይሉሃል። ታውቀዋለህ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልሁ። ስለ ባፈና ምን ሰምተው ይሆን ብዬ ደነገጥሁ፤ እናቴ ታየችኝ፣ የደብሩ ሰው ታየኝ፣ አብሮ አደጎቼ ታዩኝ። ባፈና ብቻ አልታየችኝም።

«አላውቀውም» አልሁ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ ሹሙ በጣልያንኛ።

«ምንም አይሉም። ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።»

ሹሙ ጻፈ። ሐጂ ዐብደላ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ቢሰድቡኝ በወደድሁ።

*

በማግሥቱ ወደ ወንዙ ወረድሁ። እውነቱን እጽፋለሁ ብዬ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ በአራተኛው ላይ እጄ ሌላ ነገር ጻፈ። የጻፍሁት ቃል በቃል ይኸው፦

«ባፈናዬ፣ የአባትሽን ስም በሠላሳ ሰው ፊት ጠራሁ። ሳቁብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። አውቀዋለሁ፣ ሰው ነው አልሁ። ቅዳሜ ለእሳቸው ሰንበት ነው ብዬ ሹሙን ለመንሁት፣ እምቢ አለኝ። ካንቺ ወገን በፊት እኔ ተከፋሁ።»

ሠላሳ ሰውም አልነበረም፤ ዘጠኝ ነበሩ። ዋሾ ሲዋሽ ለምን እንደሚያበዛው እንጃ።

ባፈና የጉባኤው ቀን መለወጡን በአዋጅ ሰምታ ኖሮ ፊቷ ጠቁሮ ነው የመጣችው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ደብዳቤውን ከድንጋዩ ላይ አነሣችና እዚያው ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው። እኔ ወንዙን አያለሁ።

«በሠላሳ ሰው ፊት?» አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሲስቁብህ ምን ተሰማህ?»

«ምንም።»

ቀና ስትል ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል። በሰባት ወር ውስጥ ዓይኗን ሳትሰብር ያየችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ በሐሳቤ የተመኘሁት አስተያየት ነበር፤ ሲመጣ መቋቋም አቃተኝና ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው ሆንሁ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር።

«እኔኮ ትፈራለህ ብዬ ነበር» አለች። «እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በልቤ አምቼህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አለችኝ! አፌ ላይ የመጣውን እውነት ዋጥሁት። ዛሬ ከምትጠላኝ ነገ ትጥላኝ አልሁ በልቤ፤ ፈሪ ሰው ሁሉን ነገር ለነገ ያሳድራል።

በጨርቅ የያዘችውን ድንጋዩ ላይ አኖረችና ወደ ኋላዋ ሸሸች። «ጓጉንቸሩ ነው፤ ከሁለት ቁልፎቹ ጋር። አባቴ ‹እኔ መሄድ ባልችል ሥራዬ ይሂድ› አለ። ቅዳሜ አንተ አሳይለት። ማን እንደሠራውም ንገራቸው።»

አነሣሁት። ብረቱ በጨርቁ ውስጥ ከእጇ የተረፈ ሙቀት ነበረበት። እስከ ከተማ ድረስ ከደረቴ ጋር አጣብቄ ተሸከምሁት፤ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ምን እንደያዝሁ ያወቀ እየመሰለኝ አንገቴን ደፋሁ።

*

ቅዳሜ ጧት በአዲሱ አዳራሽ ውስጥ አሁንስ በእርግጥ ከሠላሳ ሰው በላይ ተሰበሰበ። ስለ ዘብ ተነጋገሩ፣ ስለ ጫኞቹ ዋስ ተጨቃጨቁ፣ አንዳች ነገር አልቋጠሩም። እኔም ጓጉንቸሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁትና እንዴት እንደሚሠራ ነገርኋቸው። የማን እንደሆነ አልተናገርሁም።

ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሹሙ በጩቤ ጫፍ ሞከረው፤ እምቢ አለ። ሐብተ ማርያም በመዝጊያው ቁልፍ ሊከፍተው ሲታገል ግንባሩ ላይ ላብ መጣ።

«በማርያም!» አለ። «ይኼማ የአሥመራ ሥራ ነው። የፈረንጅ እጅ ነው!»

ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። ሹሙም ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነው የሠራው?» አለኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደምመልስ አላወቅሁም ነበር። አሥመራ ማለት ቀላል ነው፤ ሐብተ ማርያም ቃሉን አዘጋጅቶልኛል። ግን በዚያች ሰዓት ባፈና ወለቃ ቁጭ ብላ «ይኼኔ የአባቴን ስም እየጠራ ነው» እንደምትል አሰብሁ። ለሁለተኛ ጊዜ አምናኛለች። ለሹሙ መመለሴን ትቼ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ ተናገርሁ።

«የሠሩት አያ ይባረክ ናቸው፤ የወለቃው አንጥረኛ።»

ሐብተ ማርያም ጓጉንቸሩን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀውና መዳፉን በጋቢው ጠረገ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ።

«ማክሰኞ አላውቀውም አላልህም?»

«ዋሽቼ ነው» አልሁ። «አውቃቸዋለሁ። ስላፈርሁ ነው የዋሸሁት።» ወደ ሹሙ ዞሬ በጣልያንኛ ቀጠልሁ፦ «ቅዳሜ የማይመቸው አለ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የለም አልሁዎት። ነበረ። ይህን የሠራው ሰው ነው።»

«የሚዋሽ አስተርጓሚ ምን ይሠራልኛል?» አለ ሹሙ። «የፊታችን ሰኞ ወረቀቶችህን አስረክብ።»

ሐጂ ዐብደላ ተነሡ። ጓጉንቸሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ለእኔ ለሰላቴ ብላችሁ ቀን ስትለውጡ ማንም አልሳቀብኝም» አሉ። «ለእሱም ለሰንበቱ ይለወጥ። ጉባኤው ለሰኞ ይተላለፍና ባለሙያው ራሱ መጥቶ ያስረዳን። እኔ ከድንጋይ ይልቅ አቡጀዴ መቀበል እፈልጋለሁ።»

ነጋዴው ሳቀ፤ ይህ ሳቅ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። ሹሙም የንግዱ ነገር አስጨንቆታልና ሰኞ ይሁን አለ።

ሸክሙ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ግን ያ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ስማቸውን ጠርቻለሁ፤ ለልጃቸው የጻፍሁት ግን እንደተጻፈ ነው። ሰኞ ሐጂ ዐብደላ ወይም ሐብተ ማርያም ነገሩን ለአያ ይባረክ ሳያነሡባቸው አይቀሩም። ከእነሱ አፍ ከምትሰማው ከእኔው ትስማ ብዬ ከአዳራሹ እንደወጣሁ ወደ ወለቃ ተጓዝሁ።

*

ወለቃ ስደርስ ቀትር ነበር። ከአንድም ቤት ጢስ አይወጣም፣ የመዶሻ ድምፅ የለም። በሰንበታቸው እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ መግባት አልፈለግሁምና ፀሐይ እስክትገባ ልጠብቅ ብዬ ከመንደሩ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ቀድሞ በዚያ ሳልፍ ሰዎቹ አያዩኝም ነበር፤ የከተማ ሰው፣ የጣልያን ሠራተኛ፣ ምን ሊያደርግ መጣ ብለው ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ያን ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ግድግዳ ሥር ብድግ አሉልኝ። እኔ እኮ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው እሆናለሁ!

«ሰንበት ሰላም፣ ልጄ» አሉኝ ከሩቅ። «ተመስገን፣ ዓይንህን አየን።»

አልገባኝም። እጅ ነሣሁ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ጎንበስ አሉልኝ። ቀጥለው አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት የሰንበት ዳቦ ቆርሰው በቅጠል ላይ አድርገው ከአጥሩ ሥር አኖሩልኝና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ።

«ብላ እንጂ፣ የእኔ ሸጋ! ከቀትር ጀምሮ በፀሐይ ምነው?» አሉ። «ትናንት ሰንበት ሳይገባ ቄሱ ደብዳቤህን አነበቡልን። ‹አውቀዋለሁ፣ ሰው ነው አልሁ› ያልኸው ላይ አለቀስሁ። ስንት ዘመን ኖርሁ፤ ከእናንተ ወገን እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።»

ዳቦውን አነሣሁ። ጎረስሁ። አሮጊቷ እየሳቁ ያዩኛል፣ እኔም እያኘክሁ ራሴን እነቀንቃለሁ። ተነሥቼ ልሩጥ አሰኘኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል ሰው፤ ያን ቀን ከልቤ ነው የተመኘሁት። እንዲህ እየሆነ እስከ ማታ ድረስ የመንደሩ ሰው በየተራ እየመጣ ባልሠራሁት ሥራ አከበረኝ።

ፀሐይዋ ገባች። ሰንበት ወጣና አያ ይባረክ ከቤታቸው መጡ። ረዥም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ባፈና ከኋላቸው ነበረች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ያን ፊት እያየሁ መናገር ነበረብኝ።

«አያ ይባረክ» አልሁ፣ «ጉባኤው ለሰኞ ተላልፏል። ጓጉንቸርዎን ወደውታል፤ ራስዎ መጥተው ያስረዱ ተብሏል።»

«እሰይ! እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ።»

«አይመርቁኝ። ደብዳቤው ውሸት ነው። ማክሰኞ ስምዎን አልጠራሁም። ታውቀዋለህ ወይ ሲሉኝ አላውቀውም አልሁ። ቅዳሜ የማይመቸው አለ ሲባልም የለም ያልሁ እኔ ነኝ። ስምዎን የጠራሁት ዛሬ ነው።»

ባፈናን ማየት አልቻልሁም፤ የቀሚሷን ጫፍ ብቻ ነው የማየው።

«ይህች ልጅ» አሉ አያ ይባረክ፣ «ሐሙስ ዕለት ስምህን በፊቴ ጠራች። ከሌላ ወገን ነውና አይሆንም አልኋት። ደብዳቤህን አመጣች። ሲነበብ ሰምቼ ‹አይሆንም› ማለቴን ተውሁ፤ ዝም አልሁ። እኔ ዝም ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም» አሉ። አልጮኹም። «ሰኞ እመጣለሁ፤ ሥራዬን ራሴ አስረዳለሁ። አስተርጓሚ ግን ሌላ ይፈልጉልኝ።» ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ባፈና ቀረች። ቀና ስል ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ቁጣ የለም። ልክ እንደ እኔ አፍራለች። ያ ነው የገደለኝ።

«እኔ አላፈርሁብህም ነበር እኮ» አለች። «ቄሱ ይቅር፣ አይነበብ ሲሉ አንብቡት ብዬ የለመንሁ እኔ ነኝ። ስምህን በሁሉም ፊት ቆሜ ጠራሁ።»

«ዛሬ እኔም ጠራሁ። ባፈና፣ እንጀራዬን ጥዬ ነው የጠራሁት።»

«ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ነገ ጧት ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልውጣ? ለእያንዳንዳቸው ምን ልበል?»

እወድሻለሁ ልላት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ቃሉ ለእኔ የሚጠቅም እንጂ ለእሷ የሚበጅ አልነበረም።

«አንቺ ምንም አትበዪ» አልሁ። «እኔ እነግራቸዋለሁ። ቤት ለቤት ዞሬ።»

ዕንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልሁም፤ እሷም ገና የምታውቀው አይመስለኝም።

«እንግዲያስ ዳቦ ከሰጡህ ሴትዮ ጀምር» አለች።

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ የመጀመሪያውን እሳት እያነደዱ ነበር። ስቀርብ አዩኝና መቀመጫ ከደጃፉ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ና፣ ና፣ የእኔ ሸጋ! ቁጭ በል» አሉ። ባፈና ከኋላዬ ራቅ ብላ ቆማ ትሰማለች። መቀመጫው ላይ አልተቀመጥሁም።

«እማማ» አልሁ፣ «ያ ያለቀሱበት ደብዳቤ…»

ገና እየሳቁ ነበር፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።